ጎረቤታችን ተራመዱ፣ አባቴ ለምን ዘገዩ? ከስትሮክ በኋላ ስለ ማገገም

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነው። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከስድስት ሳምንት በፊት ለሱብሂ ሶላት ሊነሱ ሲሉ ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኙ፤ በሲቲ ስካን ታይቶ «የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው» ተባልን። አሁን ንግግራቸው ደህና ነው፣ እንደ ድሮው ያወራሉ። በሁለት ሰው ተደግፈው ይቆማሉ፤ ግን አይራመዱም። የግራ እጃቸው ጣቶች ጥቂት ይንቀሳቀሳሉ። ጠያቂ ሲመጣ ያለቅሳሉ። ከሳቸው አንድ ሳምንት ቀድመው በዚሁ በሽታ የወደቁት ጎረቤታችን ግን በከዘራ መስጊድ መመላለስ ጀምረዋል፤ የቀራቸው መናገሩ ብቻ ነው። አንድ በሽታ ሆኖ እንዴት እንዲህ ይለያያል? ጥፋቱ የኛ ይሆን? አባቴስ ይራመዱ ይሆን?

ምላሽ፦

አባትሽን ይማርልሽ እህቴ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ጋር ነው። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው አንቺ እንደ ዋዛ ባለፍሻት ነገር ላይ ነው፦ «የቀራቸው መናገሩ ብቻ ነው»። የጎረቤታችሁና የአባትሽ ልዩነት ከዚያ ይጀምራል።

አንጎል የሚያዘው በተቃራኒው ነው። ግራው ክፍል ቀኝ እጅና እግርን፣ ቀኙ ደግሞ ግራውን ያዛል። ንግግር በአብዛኛው ሰው ዘንድ የግራው ክፍል ሥራ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችሁ የተመቱት በግራው በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ አባትሽ በቀኙ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሁለቱ ሰዎች ያጡት ነገር የተለያየ ነው። በዚህ ላይ የቦታው ነገር አለ። ወደ እጅና እግር የሚወርዱት የነርቭ መስመሮች አንጎል ውስጥ አንድ ጠባብ ስፍራ ላይ ተጠጋግተው ያልፋሉ፤ እዚያች ላይ ከአተር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጉዳት ቢደርስ ግማሽ አካል ይዝላል። ሌላ ቦታ ከዚያ የሚበልጥ ጉዳት ደርሶበት በሳምንቱ ቆሞ የሚሄድ ሰው አለ። ደም ሥሩ ተዘግቶ ነው ወይስ ፈንድቶ የሚለውም የራሱ ድርሻ አለው፦ ደም የፈሰሰበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሞት ይበልጥ ቢቀርብም፣ ያን ካለፈ የፈሰሰው ደም እየተመጠጠ፣ እብጠቱም እየጎደለ ሲሄድ ቶሎ ሊሻሻል ይችላል። ይህ ሁሉ የሚወሰነው በመጀመሪያዋ ቀን ነው። የናንተ ጥፋት የለበትም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ እንጀራ ሲበሉ የትኛውን ወገን ይተዋሉ?

ቀልድ እንዳይመስልሽ። አንድ ጊዜ ሂርማታ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። «ምግብ እምቢ ብለዋል፣ ከስተዋል፣ ተስፋ ቆርጠዋል» ነበር የተባልኩት። ምሳ ሰዓት ደረሰና ትሪው ቀረበ፤ ሽሮው መሐል ላይ ፈስሷል። ሰውየው በደህናው እጃቸው እየጠቀለሉ ጥሩ አድርገው በሉ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ትሪው ላይ የቀረው የእንጀራው ግራ ግማሽ ነው፤ ልኩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ምንም ሳልናገር ትሪውን አዞርኩት። ቀና ብለው አዩትና «ደግሞ ጨመራችሁልኝ?» ብለው መብላቱን ቀጠሉ። ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

የሰውየው ዓይን ጤነኛ ነበር። ቀኙ የአንጎል ክፍል ሲጎዳ አንዳንድ ሰው ላይ «ግራ» የሚባለው ወገን ከሐሳብ ይወጣል። ግራ ክንዳቸው በጎናቸው ሥር ተጠምዞ ሰዓት ሙሉ ይተኙበታል። በር ሲያልፉ በግራ ትከሻቸው መቃኑን ይገጫሉ። ስማቸውን ከግራ ሲጠሯቸው ወደ ቀኝ ዞረው ይፈልጋሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ችግሩን ራሱን አለማወቃቸው ነው፤ «ምን ሆኜ ነው የምትደግፉኝ?» ብለው ይነሱና ይወድቃሉ። አፋቸው ስለተረፈ ቤተሰብ የሚሉትን ያምናል። ጡንቻው እያለ ግማሽ አካሉን ስለረሳ ብቻ የማይራመድ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አባትሽ እንዲህ ይሁኑ አይሁኑ ሳላያቸው መፍረድ አልችልም። ነገር ግን ግራ ጎኑን የተያዘ፣ ንግግሩ የተረፈና መራመድ የዘገየ ሰው ሲነገረኝ መጀመሪያ የማጣራው ይህንን ነው።

እንደዚያ ከሆነ ትሪ ማዞር የዛሬን ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውየውን አያለማምድም። በትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ አኑሪ፤ ቀዩን ዞረው ሳያዩ መብላት እንዳይጀምሩ አስለምጃቸው። መቼም ጠያቂ አታጡም፤ የጠያቂውን ወንበር በግራቸው በኩል አድርጊው። መጀመሪያ ከፊታቸው ትንሽ ወደ ግራ፣ ከሳምንት በኋላ ራቅ አድርገሽ። ልጆቹ ከዚያ በኩል ያውሯቸው፣ ስልኩ ከዚያ በኩል ይሰጣቸው። ትኩስ ሲኒ ብቻ በዚያ በኩል አይቀመጥ፤ ስሜቱ የቀነሰ እጅ ሲቃጠል አይታወቀውም። ውዱእ ሲያደርጉ ግራ ክንዳቸውን ሌላ ሰው አይጠብላቸው፤ በቀኛቸው ራሳቸው እያዩት ይጠቡት። በቀን አምስት ጊዜ የረሱትን ክንድ አይተውና ነክተው መዋላቸው እኔ ከማዝዘው ብዙ እንቅስቃሴ ይበልጣል።

ወደ «ይራመዱ ይሆን?» ልመለስ። ኮፐንሃገን ውስጥ ከሺህ በላይ ህሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት ቀላል ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች 95 ከመቶዎቹ የሚደርሱበት የአቅም ደረጃ ላይ የደረሱት በ8 ሳምንት ተኩል ውስጥ ነው። መካከለኞቹን 13፣ ከባዶቹን 17፣ እጅግ የከበዳቸውን 20 ሳምንት ፈጅቷል። እንግዲህ ጎረቤታችሁን አሁን በሰባተኛው ሳምንት ስታያቸው፣ እግራቸው ላይ ጉዳቱ ቀላል ስለነበር መንገዱን ሊጨርሱ ተቃርበው ይሆናል። አባትሽ በስድስተኛው ሳምንት ላይ ሆነው ተደግፈው የሚቆሙ ሰው ናቸው፤ የሳቸው መንገድ ገና አጋማሽ ላይ ነው። አንዱ አጋሮ የሚሄድ፣ ሌላው አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ተሳፍረው «እሱ ደረሰ፣ አንተ የት ቀረህ?» እንደማለት ነው። ደግሞ ከ20 ሳምንት በኋላ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ይዘገያል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የወጣና 222 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን ሰዎች ደህናውን እጅ በጓንት አስሮ በደካማው ብቻ ሲያሠራ የእጃቸው አጠቃቀም ተሻሽሏል።

ስለ እጅ ካነሳን፣ ጣታቸው የሚንቀሳቀሰው መጨበጥ ነው ወይስ መክፈት? እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሆላንድ ጥናት፣ በሁለተኛው ቀን ጣታቸውን ጥቂት መዘርጋትና ክንዳቸውን ከጎናቸው ማራቅ የቻሉ ሰዎች በስድስት ወራቸው ዕቃ ለመያዝ የሚያበቃ እጅ የማግኘት ዕድላቸው 98 ከመቶ እንደሆነ አስልቷል፤ ሁለቱንም ላልቻሉት 25 ከመቶ። አባትሽ ስድስት ሳምንት ስለሆናቸው ቁጥሩ በቀጥታ አይሠራላቸውም። እጅ ሲከፈት ግን ሥራ ይጀምራል የሚለው ነገር ሁልጊዜ እውነት ነው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ «እጁን ያጠንክር» ብሎ የሚያመጣውን ኳስ የማልወደው። የስትሮክ እጅ ብዙ ጊዜ መጨበጥን ጨርሶ አያጣም፤ ሳይፈልግ ጨብጦ ይቀራል። የሚቸግረው መልቀቅ ነው።

የኳሱ ምትክ ቤታችሁ ውስጥ አለ። ሰፌድ ላይ ጥሬ ቡና ዘርግታችሁ ግራ እጃቸው ፊት አቅርቡላቸው፤ ፍሬውን አንድ በአንድ እያነሱ ሳህን ላይ ይልቀቁ። መጀመሪያ ቡናው ካስቸገረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ድንች ይሁን፣ እያነሰ ይሂድ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 312 የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን የቆጠረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ፣ ህሙማኑ በአንድ ቀጠሮ የደከመ እጃቸውን ለቁም ነገር የሚያንቀሳቅሱት በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ እንደሆነ አሳየ። እንስሳት ላይ በተሠሩ ሙከራዎች አንጎል ራሱን እንደ አዲስ ሲያደራጅ የታየው ግን በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እኔ ዘንድ መጥቶ 32 ጊዜ ከሚያነሳ ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ ጠዋትና ማታ መቶ መቶ የቡና ፍሬ የሚለቅም ሰው ይሻላል። ባለሙያ ስለሆንኩ ይህን መናገር ለሥራዬ አይበጅም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። አባትሽ ደግሞ ቡና ነጋዴ ናቸው። የተበላሸች ፍሬ ከደህናዋ መለየት ሲጀምሩ ልቅሶውም ጋብ ሳይል አይቀርም።

ለእግራቸው ከምንም በላይ የምፈልገው ከመቀመጫ መነሳትን ነው። እዚህ ላይ የኛ ቤት አንድ እንቅፋት አለው፤ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። ያምራል፣ ግን ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው እዚያ ላይ ከተቀመጠ ሰው በብብቱ ይዞ ሳያነሳው አይነሳም። ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ትንሽ ዝቅ የሚልበት ከፍ ያለ ወንበር ፈልጉ፤ አንድ ትራስ ቢጨመርበትም ይሆናል። ሁለት እግራቸውን እኩል መሬት አስረግጠው፣ ደረታቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። አንድ ሰው በግራ በኩል ይቁም፣ ግን አይጎትት። አሥር ጊዜ፣ እረፍት፣ እንደገና አሥር። ሲቀላቸው ትራሱን አንሱት። በርጩማው ላይ ሲደርሱ ድግስ አድርጉ! ሶላታቸውን አሁን ተቀምጠው እንደሚሰግዱ እገምታለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ቆመው ጀምረው ተቀምጠው መጨረስ ከቻሉ፣ ያ ራሱ ልምምድ ነው።

ትከሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የራሴ ጸጸት ስላለበት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ህመምተኛ ገመድ በጣራ ወራጅ ላይ አሳልፌ፣ በደህናው እጁ እየሳበ የደከመውን ወደ ላይ እንዲያነሳ አደረግሁ። ጎበዝ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ትከሻው አብጦ ሌሊት አያስተኛውም፤ እጁን ማስነካት ተወ፤ እጁን ማስነካት ሲተው ልምምዱ ሁሉ ቆመ። ጡንቻ ያልያዘው ትከሻ በጅማት ብቻ የተንጠለጠለ ነው፤ በኃይል ወደ ላይ ሲሳብ ይቆስላል። ወጌሻ ሲጎትተውም እንደዚሁ። ወጌሻ ለወለምታ ያለውን ጥበብ አላናንቅም፤ የስትሮክ ትከሻ ግን አልወለቀም፣ ዝሏል፤ «መልሼ ላግባው» የሚል ሰው እንዳይነካው። ከአልጋ ስታነሷቸው በክንዳቸው አትሳቡ። በቀኝ ጎናቸው ሲተኙ ግራ ክንዳቸው ከፊታቸው ትራስ ላይ ይረፍ።

ጥፋት ካልሽ፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ከማፍቀር ነው። ልጅ ያጎርሳል፣ ልጅ ያለብሳል፣ ልጅ ይጠብቃል፤ አባት ከአልጋ ላይ ሆኖ ይመርቃል። አንድ ወር ያልተጠቀሙበት እጅ ደግሞ ቢሻለውም እንኳ አንጎል ይተወዋል። ሸሚዛቸውን ለመልበስ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅባቸው ሃያ ደቂቃውን ስጧቸው። ግራው እጅጌ መጀመሪያ ይግባ፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ። ከመጠን ማለፍም አለ መቼም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 2,104 ህሙማን የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ስትሮክ በመታ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰውን ከአልጋ አንስቶ ረጅምና ከባድ ልምምድ ማሠራት እንደማይበጅ አሳይቷል። አባትሽ ከዚያ ጊዜ ወዲያ ናቸው፤ ከአሁን በኋላ የሚያሰጋቸው ሥራ ማነስ ነው።

ልቅሶውን በሁለት ለይተሽ እይው። ጠያቂ ገብቶ «እንዴት ነዎት?» ሲል ግንፍል ብሎ የሚመጣ፣ ወሬ ሲቀየር ወዲያው የሚቆም ልቅሶ ከሆነ አንጎል ስሜትን የሚገታበት ልጓም ስለላላ ነው፤ አንዳንዱ በዚያው መንገድ ያለ ቦታው ይስቃል። አታባብሏቸው፣ አትቆጧቸው፤ ወሬ ቀይሩ። ጠያቂ በሌለበት ዝም የሚሉ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ «ምን ልሁን ብዬ ነው» እያሉ ልምምዱን እምቢ የሚሉ ከሆነ ግን ድብርት ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ሰዎች አንዱን ያህል ያገኘዋል፤ መድኃኒትም አለው፤ ለሐኪማቸው ንገሪ። ድብርት ያለበት ሰው አይለማመድም፣ ያልተለማመደ ሰው አይሻሻልም።

ውሃ ሲጠጡ ያስላቸዋል? ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው የረጠበ ይመስላል? ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ይያቸው። እስከዚያው ተጋድመው ምንም አይቅመሱ፤ አጥሚቱም ቢሆን ቀና ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ።

የሚያስፈራኝ ከመዘግየታቸው ይልቅ ሁለተኛው ስትሮክ ነው። የተገነባውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያፈርሳል። ደም ግፊታቸውን በየጊዜው አስለኩ፤ ሐኪማቸው ሌላ ካላለ ከ130/80 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። «ግፊቱ ስለወረደ» ተብሎ ኪኒን አይቆምም፤ የወረደው በኪኒኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ 6,105 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በግፊት መድኃኒት ብቻ የዳግም ስትሮክ አደጋ በ28 ከመቶ ቀንሷል። ዱዓውም ሩቃውም ይቀጥል፣ ኪኒኑ ግን ከጎኑ ይኑር። አስፕሪን ከታዘዘላቸው አይቋረጥ፤ ለጎረቤታችሁ ግን «ለአባባ የተሰጠው ነው» ብላችሁ እንዳታካፍሉ፤ የሳቸው ደም ፈስሶ ከሆነ ሊጎዳቸው ይችላል። የነርቭ ነው እየተባለ የሚወጋው የቫይታሚን መርፌ እጥረት ለሌለበት ሰው የሞተ የአንጎል ክፍል አያስነሳም፤ ገንዘቡን ለባጃጅና ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አውሉት።

ጅማ ሆነን ስለ ጫትና ስለ ቡና ሳናነሳ አናልፍም። ጫት ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አንጎል ቀን የተለማመደውን የሚያጸናው ሌሊት በእንቅልፍ ነው። ይቅሙ የነበረ ከሆነ ይበቃል፤ እዚህ ላይ አላመቻምችም። ቡና በልኩ አልከለክልም፤ ጨው ከጣላችሁበት ግን ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ ጨው ጠጡ ማለት ነው።

ስኳር ካለባቸው፣ ልባቸው ምቱ የተዛባ ከሆነ፣ ድሮም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ሁሉም ያዘገያል፤ ዕድሜም እንደዚሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ይሁን ክትትል ያላቸው ሌላ ቦታ ሲሄዱ ፊዚዮቴራፒ እንዲጻፍላቸው ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ ኪኒን ብቻ ይዘሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ክረምት ሲሆን ደጁ ጭቃ ስለሆነ የመራመድ ልምምዱ በረንዳ ላይ ወይም ሳሎን ውስጥ ይሁን፤ የሚያንሸራትተው ምንጣፍ ይነሳ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ እንዳይወድቁ አልጋቸው አጠገብ ፖፖ ይኑር።

ዛሬ ማታ እራት ሲበሉ ምንም ሳትነግሪያቸው ከጎናቸው ተቀመጪና ትሪውን እዪ። በየትኛው ወገን እንደተረፈ፣ ውሃ ሲጠጡ ያስላቸው እንደሆነ፣ የሳምንቱን የግፊት ልኬትም ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ስለ እርምጃው እንነጋገራለን።